የፍላይ ዘንግ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን እጅ እወቁት

ፍላይ ፊሺንግ መጀመር የሚፈልጉ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ዋጋ ነው። ቀጥሎ ስለ ብራንድ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሚወጣው የላብ ገንዘብ ነውና። ግን ከሁለቱም የሚቀድም ነገር አለ። ዘንጉ ሲወረወር የሚጎብጠው የቱ ጋ ነው? የእናንተስ እጅ ፈጠን ያለ ነው ወይስ ረጋ ያለ? የዘንግ አክሽን የሚሉት ይሄንን ነው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ዘንጉን ጋራዥ ውስጥ የሚያስቀምጠው በዋጋው ወይም በብራንዱ ሳይሆን ከእጁ ጋር ስላልተግባባ ነው።

ለአዲስ ሰው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በተለመደው ማጥመጃ የምንወረውረው ጫፉ ላይ ያለውን ክብደት ነው። እርሳሱ ክሩን እየጎተተ ይሄዳል። ፍላይ ግን መንጠቆ ላይ በላባና በፀጉር የታሰረች፣ ብዙ ጊዜ ከትንኝ የማትበልጥ ነገር ናት። ክብደት የላትም። ስለዚህ የምንወረውረው ላይን የሚባለውን ወፍራም ክር ነው። ወደ ኋላ እንወረውረዋለን፣ ኋላ እስኪዘረጋ እንጠብቃለን፣ ከዚያ ወደ ፊት እንልከዋለን። ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮህ ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ላይኑ ኋላ ሳይዘረጋ ከተሳበ ልክ እንደ ጅራፍ «ጧ» ይላል። ያ ድምፅ ከተሰማ ፍላይዋ ብዙ ጊዜ ተበጥሳ ሄዳለች።

እኔ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። የማጠምደው በአብዛኛው ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ፣ ዴከርስ በሚባለው አካባቢ ነው። ውሃው ከቺዝማን ግድብ ስር ስለሚለቀቅ በበጋም ቀዝቃዛ ነው፤ ትራውት የሚባለው ዓሣ ይወደዋል። ጊዜ ሲያጥረኝ ደግሞ ወደ ጎልደን ወጣ ብዬ ክሊር ክሪክ ላይ እቆማለሁ። እነዚህ ሁለት ወንዞች ቅርብ ለቅርብ ሆነው የሚጠይቁት አወራወር ፈጽሞ ይለያያል። ስለ አክሽን የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያስተማረኝ ይሄ ልዩነት ነው።

ዘንጎች በሦስት ይከፈላሉ። ፋስት የሚባለው ሲወረወር የሚጎብጠው ከላይ ሲሶው አካባቢ ነው፤ የቀረው ደረቅ ነው፣ እምብዛም አይጎብጥም። ሚዲየም እስከ መሃሉ ይጎብጣል። ስሎው የሚባለው ደግሞ እስከ ቡሽ እጀታው ድረስ ይወርዳል፤ መዳፋችሁ ውስጥ ይሰማችኋል። በፋስትና በሚዲየም መካከል ሚዲየም ፋስት የሚሉት አለ፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ለጀማሪ ከሚሸጡት ብዙዎቹ እዚያ ይመደባሉ።

ዘንጉ ሲጎብጥ ጉልበት ይይዛል፣ ሲቃና ይለቀዋል። ፋስት ዘንግ ቶሎ ይቃናል። ስለዚህ እጃችሁ በትክክለኛው ቅጽበት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ትንሽ ከዘገየ ሉፑ ይሰፋል። ስሎው ዘንግ ቀስ ብሎ ይጎብጣል፣ ቀስ ብሎ ይቃናል። ጊዜ ይሰጣችኋል። በምትኩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሉፕ የምለው ላይኑ አየር ላይ ሲገለበጥ የሚሠራውን፣ ወደ ጎን የተኛ «ሀ» የሚመስለውን ቅርጽ ነው። ጠባብ ሉፕ ንፋስ ይሰነጥቃል፣ ሩቅም ይሄዳል። ሰፊ ሉፕ ቶሎ ይደክማል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፋስት የሚለው ቃል ሣጥኑ ላይ ስለተጻፈ ብቻ አትመኑት። ሁሉም አምራች የሚስማማበት መለኪያ የለም። የአንዱ ሚዲየም ፋስት የሌላው ፋስት ሊሆን ይችላል። ኦርቪስ የሚባለው አምራች በአንድ ወቅት ከ2.5 እስከ 12.5 የሚሄድ የራሱን ቁጥር ዘንጎቹ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚጎብጠው ጫፉ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። ያገለገለ ኦርቪስ ስትገዙ ያንን ቁጥር ፈልጉት፤ ጠቃሚ ነው። ዘንግ ለመለካት ሳንቲም የሚጠቀሙም አሉ። ዘንጉን አግድም ያስሩና ጫፉ ላይ ትንሽ ከረጢት ያንጠለጥላሉ። ጫፉ የዘንጉን ርዝመት ሲሶ ያህል እስኪወርድ ድረስ የአሜሪካ ፔኒ አንድ በአንድ ይጨምራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ የተሠራ አንድ ፔኒ 2.5 ግራም ስለሆነ ስንት ሳንቲም እንደፈጀ ተቆጥሮ የዘንጉ ጥንካሬ ይታወቃል። ጫፉ በስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ ደግሞ አክሽኑን ይናገራል። ጥንካሬና አክሽን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንደዚህ ሙከራ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ የለም። ደረቅ የሆነ ሚዲየም አለ፤ ለስላሳ የሆነ ፋስትም አለ።

ሦስቱንም አክሽን አጠገብ ለአጠገብ የሞከርናቸው ሰፈራችን ያለ መናፈሻ ሣር ላይ ነው። ሦስቱም ዘንጎች 9 ጫማ፣ ባለ 5 ቁጥር ነበሩ፤ ቁጥሩ የሚስማማውን የላይን ክብደት ነው የሚናገረው። ላይኑና የሚጠቀለልበት ሪል አንድ ዓይነት። ጫፉ ላይ በፍላይ ፋንታ ቀይ የሱፍ ክር ቁራጭ አሰርን። በነገራችን ላይ ሣር ላይ ስትለማመዱ መንጠቆ ያለው ነገር አትሰሩ፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ጆሮና ዓይንም አለ።

ሩቅ ስንወረውር ፋስቱ አንደኛ ሆነ። 50 ጫማ ላይ ላይኑ ተወጥሮ ይሄዳል፣ ክሯም ቀጥ ብላ ታርፋለች። ርቀቱን ወደ 20 ጫማ ስናወርደው ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከዘንጉ ጫፍ ውጭ ያለው ላይን ትንሽ ስለሆነ ፋስቱን የሚያጎብጥ ክብደት የለም። እጅ ላይ ምንም አይሰማም። ሰው ምንም ካልተሰማው ደግሞ ጉልበት ይጨምራል። ጉልበት ሲጨመር ሊደሩ፣ ላይኑን ከፍላይዋ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ክር፣ ክምር ሆኖ ይወድቃል። ሚዲየሙ እዚያው 20 ጫማ ላይ በቀላሉ ጎበጠ፣ ቀይዋን ክር በዝግታ ዘርግቶ አስቀመጣት። ስሎው ዘንጉ ከሁሉም ይበልጥ ለስላሳ አስተራረፍ ነበረው፤ 50 ጫማ ላይ ግን ትንፋሽ አጠረው።

ያን ቀን አብረውኝ ከነበሩት አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። ጉልበተኛ ነው፣ እጁም ችኩል ነው። ኋላ ያለው ላይን ሳይዘረጋ ወደ ፊት ይመታል። ፋስቱን ይዞ ሲወረውር ላይኑ ከኋላው ሣሩን እየገረፈ ይመለሳል። በጣም ስሎው የሆነውን ስንሰጠው ሌላ ጣጣ መጣ። ድንገት ኃይል ስለሚጨምር ዘንጉ ከልክ በላይ ይጎብጣል፣ ጫፉ መሃል ላይ ወደ ታች ሰመጥ ይላል፣ የሉፑ የላይኛው ክንድ ወርዶ ከታችኛው ጋር ይጠላለፋል። ውጤቱ ሊደሩ ላይ የምታዩዋት ትንሽዬ ቋጠሮ ናት። ሰዎች ንፋስ አመጣት ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ያመጣት የእጅ ድንገተኛ ግፊት ነው። ያቺ ቋጠሮ ክሩን በጣም ታደክመዋለች፤ ስታገኟት ፍቷት ወይም ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ።

እሱን ያዳነው ሚዲየሙ ነው። እስከ መሃሉ ስለሚጎብጥ ክብደቱ ኋላ ሲደርስ እጁ ላይ ይሰማዋል፣ የተሰማው ሰው ደግሞ ይጠብቃል። ከመጠን በላይ ሲገፋውም አይሰብርበትም። ስለዚህ ችኩል እጅ ላለው ሰው ምክሬ ግልጽ ነው። ከሁለቱ ጫፍ ራቁና መሃሉን ያዙ። «እጄ ፈጣን ነው፣ ስለዚህ ፋስት ይስማማኛል» የሚለው ስሌት የሚሠራው ፈጣኑ እጅ መቆምም ከቻለ ብቻ ነው።

አወራወር ያስተማሩኝ ሰው ጋሼ እላቸዋለሁ። በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ ትከሻቸውም ያማቸዋል። ዘንጋቸው ፋይበርግላስ ነው፣ 7 ጫማ ተኩል፣ ባለ 4 ቁጥር፤ እስከ እጀታው የሚጎብጥ። የአክስቴን ልጅ ቆመው ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ ምን አደረገህ? አትደብድበው» አሉት። «አንሣው፣ ቁም፣ ተወው። የቀረውን እሱ ይሠራዋል።» ከዚያ ራሳቸው ወረወሩ። ክንዳቸው ከወገባቸው ብዙም አልራቀም። ላይኑ ኋላ ሄደ፣ ትንሽ ቆሙ፣ ተመለሰ። እጃቸውን ሳይሆን የዘንጉን ወገብ ነበር የማየው፤ ከቡሹ በላይ ያለው ክፍል ሲለጠጥና ሲመለስ በዓይን ይታያል። ዘንጉ ስለሚሠራላቸው ትከሻቸው ያርፋል።

ለረጋ እጅ፣ ለሚያመው ትከሻ፣ ለጠባብ ወንዝ እንዲህ ያለ ዘንግ ድንቅ ነው። ክሊር ክሪክ ላይ ውሃው በድንጋይ መሃል እየተላተመ ይወርዳል። ዓሣው ከድንጋዩ ኋላ ባለች ጸጥ ያለች ኪስ ውስጥ ነው የሚቆመው። የምትወረውሩት ከ15 እስከ 25 ጫማ ቢሆን ነው። ከኋላችሁ ቁጥቋጦ አለ፣ ከበላይ አውራ ጎዳና። እዚያ ፋስት ባለ 9 ጫማ ይዞ መቆም ራስን ማድከም ነው። ለስላሳው ዘንግ በዚያች አጭር ላይንም ይጎብጣል። ኋላ ቦታ ሲጠፋ የምንጠቀመው ሮል ካስት፣ ላይኑ ውሃው ላይ እየተንከባለለ የሚሄድበት አወራወር፣ ለስላሳ ዘንግ ላይ ይቀላል።

ዴከርስ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ዓሣው ብዙ አጥማጅ ያየ፣ የነቃ ነው። ስለዚህ ፍላዮቹ 20 እና 22 ቁጥር፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሱ ናቸው፤ የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ ያንሳል። ቲፔቱ፣ የሊደሩ ቀጭን ጫፍ፣ 6 ኤክስ ነው፤ ውፍረቱ 0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ። ዓሣው ነክሶ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ያቺን ቀጭን ክር ከመበጠስ የሚያድናት የዘንጉ መለጠጥ ነው። ደረቅ ዘንግ ይዞ እጁን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ዓሣውን በመጀመሪያው ግፊት ያጣዋል። ሁለት ኒምፍ (ውሃ ውስጥ የሚሰምጡ ፍላዮች)፣ ትንሽ እርሳስና ተንሳፋፊ አንድ ላይ አስረው ሲወረውሩም ጠባብ ሉፕ ጠላት ነው፤ ሁሉም እርስ በርሱ ይጠላለፋል። ሚዲየም ዘንግ ሉፑን ከፈት አድርጎ ያልፈዋል። ለዚህ ወንዝ ባለ 9 ጫማ፣ 5 ቁጥር፣ ሚዲየም ወይም ሚዲየም ፋስት ከያዛችሁ ለረጅም ጊዜ ሌላ አያምራችሁም።

ፋስት መቼ ነው የሚያስፈልገው? ንፋስ ሲኖር። ወደ ሳውዝ ፓርክ፣ ስፒኒ ማውንቴን የሚባለው ግድብ ጋ ስትሄዱ ሜዳው ገላጣ ነው፣ ንፋሱም ቀልድ አያውቅም። ትልልቅ ፍላይ ሩቅ መላክ አለባችሁ። እዚያ ባለ 6 ቁጥር ፋስት ዘንግ ዋጋው ይገባችኋል። ግን ዘንጉ ብቻውን ንፋሱን አያሸንፍም። ግራ እጅ ላይኑን በትክክለኛው ጊዜ ሳብ የሚያደርግበት ደብል ሆል የሚባለው ዘዴ መልመድ አለበት። እኔ ለሰው ፋስት ግዛ የምለው ያ ዘዴ እጁ ሲገባ ነው።

አሁን ስለ ላይኑ ላውራ፤ ገንዘብ የሚያድነው ትልቁ ነገር ይሄ ነውና። ዘንጉ ላይ 5 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የላይኑን ክብደት ነው የሚመለከተው። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ በወጣው መመዘኛ መሠረት ባለ 5 ቁጥር ላይን የመጀመሪያው 30 ጫማ 140 ግሬን ይመዝናል፤ 9 ግራም ገደማ ማለት ነው። ባለ 6 ቁጥሩ 160 ግሬን ነው። ዛሬ ግን ዘንጎች እየደረቁ ስለመጡ ብዙ አምራቾች 5 ብለው ጽፈው በግማሽ ወይም በሙሉ ቁጥር የከበደ ላይን ይሸጣሉ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፤ ለፋስት ዘንግ ታስቦ የተሠራ ነው። ሣጥኑን አገላብጡና ግሬኑን አንብቡ። ፋስት ዘንግ ገዝታችሁ እጃችሁ ላይ እንጨት ከሆነባችሁ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ግማሽ ቁጥር የከበደ ላይን ሞክሩበት። ቅርብ ርቀት ላይ ፀባዩ ይለወጣል። በተቃራኒው ያንን ከባድ ላይን ለስላሳ ዘንግ ላይ ብትጭኑት ዘንጉ ይደክማል፣ ሉፑም ይፈርሳል። በዚህ የተነሳ ጥሩ ዘንግ «አይረባም» ተብሎ በርካሽ ሲሸጥ አይቻለሁ። ጥፋቱ የዘንጉ አልነበረም።

ሱቅ ስትሄዱ ዘንጉን ጣሪያ ስር እያወዛወዛችሁ አትወስኑ። ያለ ላይን የተወዛወዘ ዘንግ ምንም አይነግርም፤ ደረቁ ሁሉ ጥሩ ይመስላል። ጥሩ የፍላይ ሱቆች ላይን አስገብተው ውጭ ሣር ላይ ወይም መኪና ማቆሚያው ጋ ያስወረውሯችኋል። ካላቀረቡላችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ስትሞክሩ ሩቅ ለመወርወር አትጓጉ። ሻጩም ሊያስደምማችሁ 70 ጫማ ሊወረውር ይችላል፤ ያ የእሱ እጅ ነው። እናንተ በ20፣ በ30 እና በ40 ጫማ ወርውሩ። አብዛኛው ትራውት የሚያዘው እዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወርውሩ። ላይኑ ኋላ ተዘርግቶ ሲያልቅ እጃችሁ ላይ ትንሽ ጎተት የሚል ስሜት አለ። ያ ስሜት በግልጽ የመጣላችሁ ዘንግ ከእናንተ ጋር ይግባባል። ካልመጣ፣ የቱንም ያህል ቢያምር መልሱት።

የራሳችሁን ደረጃ ለማወቅ ስልካችሁ ይበቃል። ሰው ከጎን ሆኖ ይቅረጻችሁ። የሚታየው የፊቱ ሉፕ ብቻ እንዳይሆን፣ የኋላውም ይግባ። ኋላ ላይኑ እየወረደ ሣር የሚነካ ከሆነ፣ ዘንጉን በጣም ወደ ኋላ እያስተኛችሁት ነው ወይም ዘግይታችኋል። ፋስት አያድናችሁም። 40 ጫማ ላይ ሉፑ ጠባብ ሆኖ፣ ሊደሩ እስከ ጫፉ ከተዘረጋ፣ ለማንኛውም አክሽን ዝግጁ ናችሁ፤ የሚወስነው ወንዙ ብቻ ነው።

ስለ ቁሱ ብዙ አልልም። ቀርከሃ ውብ ነው፣ ውድም ነው። ፋይበርግላስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋ ነው፤ ዛሬም የሚሠሩት ብዙዎቹ ለስላሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ገበያውን የያዘው ግራፋይት ነው፤ በየትኛውም አክሽን ይገኛል። ለመጀመሪያ ዘንግ ግራፋይት ውሰዱ። ሙሉ በጀታችሁን ዘንጉ ላይ አትጨርሱ፤ ለላይኑ አስቀሩለት። መካከለኛ ዘንግ በጥሩ ላይን፣ ውድ ዘንግ በርካሽ ላይን ከሚሠራው የተሻለ ይሠራል። እዚህ ኮሎራዶ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ፈቃድ ማውጣት እንዳለበትም በጀቱ ውስጥ አስቡ።

አገር ቤት ስትሄዱ ይዛችሁት ለመሄድ ካሰባችሁ በአራት የሚፈታውን ግዙ። ቱቦው ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ባሌ ተራሮች ላይ ከኬንያ የመጡ ትራውቶች ተራብተዋል፤ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ ይገኛሉ። እዚያ የሚያስፈልገው ቅርብ ርቀት በለስላሳ ማሳረፍ ነው። ለዚያ የምመርጠው ባለ 4 ወይም 5 ቁጥር ሚዲየም ነው። ስለ ማጥመጃ ፈቃዱ ከመሄዳችሁ በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ላይናችሁንም ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዘንጋችሁ ጋር የሚስማማውን እዚያ ማግኘት ይከብዳል።